የተገዘተ ምላስ

ነጋዴ ነኝ፤ ዋጋውን ሳልናገር ዕቃ አላሳይም። ስለዚህ ይህ ጉዳይ ያስወጣኝን አስቀድሜ ልናገር፦ የአንድ ሰው ሁለት እግር፣ የሌላ ሰው ምላስ፣ እና በዚህ ምድር ላይ እኔን «የጾም ቅቤ» ብሎ ይጠራኝ የነበረ ብቸኛ አፍ። ገንዘብም ወጥቶበታል፤ እሱ ግን ተመልሷል። ገንዘብ እንደ ውሻ ነው፤ ቢያባርሩትም የቤቱን መንገድ ያውቃል። ሦስቱ አልተመለሱም።

የሞቱን ወሬ ያመጣልኝ ከአዘና የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ሞተሩን ሳያጠፋ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «አቶ ይበልጣል፣ አያ ስንሻው ትናንት ማታ አረፉ። ቀብራቸው ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ነው» አለኝ። ሊሄድ ማርሽ ካስገባ በኋላ የረሳው ነገር ትዝ እንዳለው ሁሉ ጨመረበት፦ «እንዴት ያሉ ጨዋ ሰው ነበሩ መሰለዎ! ክፉ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም።»

መጋዘኔ ደጃፍ ላይ፣ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀመጥሁ። ክፉ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም! ድሮ ቢሆን አያ ስንሻው ይህን ሹፌር ከነሚኒባሱ በአንድ ስም አጥምቆ ነበር የሚሸኘው፤ ስሙም እስከ ልጅ ልጁ ይከተለው ነበር። ሰውዬው ግን አልዋሸም። አዘና የሚያውቀው አያ ስንሻው እንደዚያ ነበር። እንደዚያ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

አያ ስንሻው የድንች ጫኞች አለቃ ነበር። እኔ ከዳንግላ መጥቼ እዚህ መጋዘን ስከፍት ቆሰበር ውስጥ ባጃጅ ገና ብርቅ ነበረ፤ ኔትወርክ ለማግኘትም ጆንያ ክምር ላይ ይወጣ ነበር። ከእኔ በአሥር ዓመት ይበልጣል፤ ግን እንደ ታላቅ ወንድም «አያ» እያልሁ «አንተ» ነበር የምለው። አጭር ነው፤ ደረቱ እንደ ከበሮ የተወጠረ፣ ራሱ ላይ ክረምት ከበጋ የማትወልቅ የሱፍ ቆብ ያለችው። ሊሳደብ ሲል ቆቢቱን በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ ገፋ ያደርጋታል። ያን ጊዜ ሰዉ ሁሉ ሥራውን ያቆማል፤ የማን ተራ እንደ ሆነ ለማየት።

ትውልዱ ጥርባ አካባቢ ነው፤ አፉን የፈታው በአገውኛ ነው። የሚጸልየው፣ ከሚስቱ የሚማከረውና የሚያለቅሰው በአገውኛ ነው፤ የሚሳደበው በአማርኛ ብቻ። አንድ ቀን ለምን በአገውኛ እንደማይሳደብ ጠየቅሁት።

«በእናቴ ማዕድ ላይ ይተፋል እንዴ?» አለኝ። «አማርኛን ያገኘሁት ከገበያ ነው። ከገበያ ያገኘሁትን ገበያ ላይ እበትነዋለሁ።»

እኔ ከአማርኛ ሌላ አላውቅም። ዕድሜ ልኬን የሰው ሁሉ ምራቅ ማዕዴ ላይ ሲያርፍ መኖሩን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ሥራቸው እንዲህ ነው። የጭነት መኪናው የኋላ መዝጊያውን አውርዶ ይቆማል፤ ከመሬት እስከ መኪናው ሳንቃ ይጋደማል፤ ጫኙ አንድ ኩንታል ድንች ጀርባው ላይ አድርጎ በዚያ ሳንቃ ይወጣል። እዚህ አገር ሰማዩ የማያለቅስበት ሳምንት ስለሌለ ሳንቃው ሁልጊዜ እንደ ሳሙና ነው። አያ ስንሻው ከሳንቃው ሥር ይቆማል። አንዱን ዓይኑን በጫኞቹ እግር፣ ሌላውን በተደረደረው ጆንያ ላይ ጥሎ እስከ መጨረሻው ኩንታል ድረስ ይሳደባል።

ከጫኞቹ አንዱም በክርስትና ስሙ አይጠራም። ወፍራሙ «የሰርግ ጋን» ነው። ወሬኛው «ቃጭል የበላ በግ» ነው። መኪናውን እንደ ሙሽራ በጌጥ የሞላው ሹፌር «የተኳለች በቅሎ» ነው። ከሁሉም የሚወደው አበጀ የሚባል ጫኝ ነበር፤ የሦስት ልጆች አባት፣ ሁለት ኩንታል ቢጭኑበት የማይንገዳገድ፣ ግን ጠዋት ጠዋት ለመንቃት ግማሽ ቀን የሚፈጅበት። እሱ «እርጥብ ከሰል» ነው። እስኪያያዝ ጭሱ ሰውን ያስለቅሳል፣ ከተያያዘ ግን የሚያጠፋው የለም ለማለት ነው።

ሰው ለማሳቅ የሚሳደብ የሚመስለው ሰው ሥራውን አላየም። «እርጥብ ከሰል!» ብሎ ካስረዘመው አበጀ ባለበት ይቆማል። ካሳጠረው ይዘላል። ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ እግሩ ከጆሮው ቀድሞ ይሰማል። አንድ ክረምት ሳንቃው ከመሐሉ ሲሰነጠቅ አያ ስንሻው አጠር አድርጎ ጠራው፤ አበጀ ከነኩንታሉ ጭቃው ላይ ዘለለ፤ ሳንቃው ከኋላው ለሁለት ተከፈለ። አበጀ ከጭቃው ሲነሣ አያ ስንሻው፣ «ድንቹን ቀጠቀጥኸው! ከብት!» አለው። አበጀ ጥርሱ በጭቃ ተሞልቶ ይስቅ ነበር።

ሕግ ነበረው ደግሞ። የሰው እናት አይነካም። «የእናት ስድብ ስድብ አይደለም፤ ስርቆት ነው። የሌላ ሰው ዕቃ ነው» ይል ነበር። ድኻን በድኽነቱ፣ መካንን በመካንነቷ፣ ዕውርን በዓይኑ አይሰድብም። «ስድብ እንደ ልብስ ነው፤ ለባለቤቱ በልኩ ይሰፋለታል። ከርካሽ ጨርቅ የሚሰፋ ሰነፍ ነው።» የማይወደውን ሰው ግን ጨርሶ አይሰድብም። ለማይወደው ሰው ቆቡን አውልቆ «ደኅና ዋሉ፣ ጌታው?» ይላል። እንደዚህ የሚባሉ በከተማው ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሦስቱም የተከበርን ይመስላቸው ነበር።

እኔን የሰየመኝ በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ሁዳዴ ገብቶ ነበር፤ ከዳንግላ ገበያ ቅቤ በርካሽ ገዝቼ እስከ ፋሲካ ላቆየው በማሰሮ አምጥቼ መጋዘን አስገባለሁ። አያ ስንሻው ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ፤ ቀና ብሎ አየኝ፤ ቆቢቱን ገፋ አደረጋት።

«በጾም ቅቤ?»

«ለፋሲካ ነው፣ አያ ስንሻው።»

«ሲፈለግ የሌለ፣ ሲመጣ የማይበላ! አንተም ራስህ የጾም ቅቤ ነህ።»

አለቀ። ቆሰበር ውስጥ ሰው ሆንሁ። ከዚያ በፊት «ያ የዳንግላው ሰውዬ» ነበርሁ።

ለምን እንደሚሳደብ የነገረኝ ታይፎይድ ይዞኝ በተኛሁ ጊዜ ነው። ጠያቂው ሁሉ ከንፈሩን እየመጠጠ «ወይኔ ወንድሜ፣ እንዲህ ትሁን?» ይላል፤ በቁሜ ሊቀብሩኝ ነው። አያ ስንሻው ገብቶ ራስጌዬ ቆመና እስኪበቃኝ ሰደበኝ። ቅቤው እንደቀለጠ፣ ገዢ እንደጠፋለት፣ ማሰሮውን እንኳ ድመት እንዳልላሰችው ነገረኝ። ሰዎቹ ተቆጡት። ሲወጡ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እናቴ ከእኔ በፊት አምስት ወልዳለች» አለኝ። «አምስቱንም በሚያምር ስም ጠራቻቸው። አምስቱም ዓመት አልሞላቸውም። እኔ ስወለድ አሮጊቶቹ ‹ሞት እንደ ገበያተኛ ነው፤ ያማረውን መርጦ ነው የሚያነሣ› ብለው መከሯት። ስንሻው የተባልሁት ካደግሁ ነው። እስከ ሰባት ዓመቴ የጠራችኝ ‹ጉድፍ› ብላ ነው። ስታጠባኝ ‹ና አንተ ጉድፍ›፣ ስትስመኝ ‹አንተ ጉድፍ›። ሞት በደጃችን አልፎ ሲሄድ ይሰማና ‹ጉድፍ ምን ያደርግልኛል?› ይላል።» ተነሣ። «በል ተነሥ አንተ የጾም ቅቤ። ማንም አይፈልግህም።»

ዳንሁ። ሐኪሙም መርፌ ወግቶኛል፣ እሱን አልክድም።

አሁን ወደ ጥፋቴ።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የእድራችን ሊቀመንበር ሆኜ ተመረጥሁ። ሰው ከድንች አልፎ ስሙን ሲፈልግ የሚጀምረው ከእድር ነው። በማግስቱ ጠዋት የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች እንኳን ደስ ያለህ ሊሉኝ መጋዘኔ ድረስ መጡ። ኮት ለብሻለሁ። አያ ስንሻው ከሳንቃው ሥር አየንና ቆቢቱን ወደ ኋላ ገፋ አደረጋት።

«እናንተ ሰዎች!» አለ። «ይህን የጾም ቅቤ የእድር ዳኛ አደረጋችሁት? እንግዲህ ሬሳችንን እስከ ፋሲካ ሊያቆይብን ነው!»

ሽማግሎቹ ሳቁ። ጫኞቹ ጆንያቸውን ጥለው ሳቁ። «የተኳለች በቅሎ» ጥሩንባውን ነፋ። እኔም በአፌ ሳቅሁ። በልቤ ግን ኮቱ ጠበበኝ። ያን ሳምንት በየሄድሁበት «ፋሲካ መቼ ነው?» የማይለኝ አልነበረም።

ሌላ ሰው ቢሆን ጠርቶ «አያ ስንሻው፣ ሰው ፊት ተወኝ» ይለው ነበር። ይተወኝም ነበር። እኔ ግን ብልጥ ነኝ፤ ብልጥ ሰው ፊት ለፊት አይሄድም። የንስሐ አባቱን ቄስ አድማሱን ቤታቸው ሄጄ አገኘኋቸው። ሰውየው ሸምግሏል፣ አፉ ግን አልሸመገለም፤ ነፍሱ ታሳዝነኛለች አልኋቸው። ነፍሱ! እኔ የማንንም ነፍስ አስቤ አላውቅም። ቄስ አድማሱ የዋህ ሰው ናቸው፤ እጄን ይዘው «ወንድምህን እንዲህ መውደድህ!» አሉኝ። ያን ምርቃት እስከ ዛሬ አልዋጥሁትም።

በእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ አስጠሩት። እኔ ከግቢው ዛፍ ሥር ቆሜ አይ ነበር። መስቀላቸውን አውጥተው፣ «ከዛሬ ጀምሮ የስድብ ቃል ከአፍህ እንዳይወጣ በሥልጣነ ክህነቴ ገዝቼሃለሁ» አሉት። አያ ስንሻው ቆቡን አወለቀ። ራሱ መመለጡን ያየሁት ያን ቀን ነው። መስቀሉን ተሳለመና «እሺ አባቴ» አለ።

ግዝት በእኛ አገር ቀልድ አይደለም። ገበሬ በግዝት የያዘውን ድንበር ይለቃል፤ ሌባ በግዝት የነዳውን በሬ ይመልሳል። አንድ ወር ይታገሳል፣ ከዚያ ይለሰልሳል፣ ሰው ፊት ብቻ ይጠነቀቃል ብዬ ነበር ያሰላሁት። የሰውን ቃል በእኔ ቃል መዝኜ መሆኑ ነው።

ሰኞ ጠዋት ከሳንቃው ሥር ቆመ። የመጀመሪያው ጫኝ ወጣ። አያ ስንሻው አፉን ከፈተ፤ ዘጋ።

«ምነው አያ፣ ጉንፋን ነው?» አለ የሰርግ ጋን።

«ተገዝቻለሁ።»

«ማን ገዘተህ?»

«አባቴ ናቸዋ። ለነፍሴ ነው።»

ጫኞቹ ተያዩ። መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀልድ መስሏቸው። ሥራው ግን እንደ ድሮ አልሄድ አለ። በማግስቱ አያ ስንሻው መላ ያገኘ መሰለው፤ ቆቡን ገፍቶ «አንተ የተባረክህ!» ብሎ አበጀ ላይ ጮኸ። በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ቁጣ። «አንተ ቡሩክ! አንተ የመልአክ ወንድም! አንሣ እግርህን!» ጫኞቹ በሳቅ ወደቁ፤ ጭነቱም ፈጠነ። ሳምንት ያህል ቆሰበር በምርቃት ተሰደበ። ቄስ አድማሱ በዚያ ሲያልፉ ሰሙትና ቆሙ። «ልጄ፣ ስድብ በድምፅም ይኖራል። ልብህ የሚያውቀውን አታታልል» አሉት። እውነታቸውን ነው፤ ከእሳቸው ጋር ሙግት የለኝም።

ከዚያ ወዲያ ዝም አለ። ዝም ማለት ብቻ አይደለም፤ ሰዎቹን በክርስትና ስማቸው ለመጥራት መማር ጀመረ። ከአሥር ዓመት በላይ አብረውት የሠሩትን ሰዎች ስም አያውቅም ነበር። ጠዋት ጠዋት አበጀን አጠገቡ አስቀምጦ እንደ ፊደል ቆጣሪ ያጠና ነበር፤ «ያ ወፍራሙ ማነው? ደረሰ። ያ ወሬኛው? ፈንታሁን። አንተ አበጀ።»

«አያ፣ ስሜን ስትጠራው ግብር ሰብሳቢ የመጣብኝ ይመስለኛል» አለው አበጀ።

«እኔንም ይቀፈኛል» አለ አያ ስንሻው። «እንዲህ ጥርት ባለ ስም ደጅ ላይ አይጠራም። የሚሰማ አለ።»

ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰምቼ ዝም አልሁ። ያን ሰሞን ሁሉም «አቶ ይበልጣል» ይለኝ ጀምሮ ነበር፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ቀኑ ዝናብ ያደረበት ጠዋት ነበር። መኪናው ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል፤ ጆንያው ከመኪናው አጥር በላይ ሄዷል። አበጀ ከታች፣ ከኋላ መዝጊያው ሥር ገመድ እየሳበ ነው፤ ጀርባውን ለመኪናው ሰጥቷል። እኔ ከመጋዘኑ በር ላይ ቆሜያለሁ። መኪናው የቆመበት ጭቃ በአንድ ጎን ሰመጠ፤ ክምሩ ሲያዘነብል አየሁት። አያ ስንሻው ከእኔ ቀድሞ አይቶታል።

«እር…» አለ።

ከዚያ እጁን አፉ ላይ ጫነ። በዚህ ዓይኔ አይቻለሁ፤ ሰው የራሱን አፍ እንደ ሌባ ሲይዝ። ዓይኑ እየተንከራተተ ሌላውን ስም ይፈልጋል፤ ያን ያጠናውን።

«አበጀ!» አለ።

አበጀ ማን ጠራኝ ብሎ ዞር አለ። አልዘለለም፤ ዞር አለ። ጆንያዎቹ ጀርባው ላይ ወረዱ።

ኋላ ባሕር ዳር ሆስፒታል ልጠይቀው ስሄድ የነገረኝ ይህን ነው፦ «ሰምቼዋለሁ እኮ። ግን አስተማሪ የጠራኝ ነው የመሰለኝ። ‹አቤት› ልል ነበር።»

ሐኪሞቹ የቻሉትን አደረጉ። ወገቡ ስለ ተሰበረ እግሮቹ አልተመለሱም። እኔ ሕክምናውን ከፈልሁ፤ ለቤቱም የሚያስፈልገውን አሟላሁ። ሰዉም «እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው አቶ ይበልጣል» አለ። ስሜ በእድሩ ውስጥ ይበልጥ ከፍ አለ።

አበጀ ወደ ቤቱ በተመለሰ ሳምንት ቄስ አድማሱ ዘንድ ሄጄ እውነቱን ተናዘዝሁ። ነፍሱን አስቤ ሳይሆን ኮቴን አስቤ መሆኑን ነገርኋቸው። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ተነሥተው ከእኔ ጋር መጋዘኑ ድረስ መጡ። ግዝቱን ሊፈቱ መሆኑን ቀድመው ልከው ኖሮ አበጀን በባጃጅ አምጥተውታል፤ ጫኞቹ ሁሉ ተሰብስበዋል። አያ ስንሻው ከሳንቃው ሥር ነበር። ከአደጋው ወዲያ ሥራ ባይሠራም ጠዋት ጠዋት እየመጣ እዚያው ይቆም ነበር።

«ልጄ ስንሻው፣» አሉት ቄስ አድማሱ፣ «እኔ ሰው ሳልመረምር ገዝቼሃለሁ። የከሰሰህ ይኸው ነው፤ እሱም አጥፍቷል። ይቅር በለን። እግዚአብሔር ይፍታህ።» መስቀሉን አሳለሙት።

አያ ስንሻው እኔን አየኝ። «ይቅር ብያለሁ» አለ።

ከዚያ የሆነውን ሌላ አገር ላለ ሰው ብነግረው ይስቃል። ጎልማሶች ሁሉ ሊሰደቡ ተሰለፉ።

«በል እንግዲህ አያ፣ ጀምር» አለ የሰርግ ጋን፤ ሆዱን ወደ ፊት ገፍቶ። «ምን ነበር የምትለኝ? እስኪ አሰማን።»

አያ ስንሻው አውራ ጣቱን ወደ ቆቡ አነሣ። እጁ ቆቡ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ደረሰ» አለው።

«ምን ደረሰ ትለኛለህ! ጋን በለኝ እንጂ!»

«ደረሰ» አለ እንደገና፤ ቀስ ብሎ፣ እንደሚያጠና ሰው። ቀጥሎ ያለውን «ፈንታሁን» አለው። እንዲህ እያለ የሁሉንም ስም አንድም ሳይሳሳት ጠራ። ጫኞቹ አንገታቸውን ደፉ።

አበጀ ከባጃጁ ውስጥ ሆኖ ተጣራ። «አያ፣ ና ወደ እኔ። እኔ ነኝ። አንዴ እርጥብ ከሰል በለኝ። አንዴ ብቻ። ከዚያ ዕድሜ ልክህን ዝም ብትል አልቀየምህም።»

አያ ስንሻው ሄዶ ከባጃጁ ደጃፍ ተንበረከከና የማይሰሙትን ጉልበቶች ሳማቸው። አፉ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ቃሉን ከሆዱ ስቦ ለማውጣት ሲታገል አንገቱ ላይ ያሉት ሥሮች ተገተሩ።

«አበጀ» አለ። «ልጄ።»

ወገቡ ሲሰበር ያላለቀሰ ሰው፣ ስሙ ሲጠራ አለቀሰ።

አያ ስንሻው ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈና በአጠገቤ አለፈ። ቆቡን ሙሉ በሙሉ አወለቀ። «ደኅና ይዋሉ፣ ጌታው» አለኝ።

በዚያው ወር ከሚስቱ ከእትዬ አንጓች ጋር ወደ ወንድሟ አገር ወደ አዘና ገባ። ሦስት ዓመት ያህል ተቀመጠ። እዚያ ያሉት ሰዎች ከቆሰበር የመጣ ዝምተኛ ሽማግሌ ነው የሚያውቁት፤ ሰውን ሁሉ በስሙ ጠርቶ ሰላም የሚል፣ ከዚያ ወዲያ የማይናገር። በዚህ መሐል ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ። በሄድሁ ቁጥር «ደኅና መጡ፣ ጌታው»፤ በወጣሁ ቁጥር «ደኅና ይግቡ፣ ጌታው»። ይቅርታውን አልነሣኝም፤ ከአፉ ያወጣውን ቃል አይበላም። እኔ ግን የፈለግሁት ይቅርታ አልነበረም። አንድ ስድብ ነበር።

ዘንድሮ ሁዳዴ ሲጋመስ መታመሙን ሰማሁ። ሌት ተቀን አስቤ አንድ መላ መጣልኝ። ዳንግላ ገበያ ወርጄ ቅቤ ገዛሁ። አዎ፣ በጾም። ሻጯ ሴት «ለመድኃኒት ነው ወንድምዓለም?» አለችኝ። «አዎ» አልኋት። ያን የሹመት ኮቴን ለበስሁ፤ ቅቤውን በድሮው ዓይነት ማሰሮ አድርጌ፣ እንደ ጅል ታቅፌ አዘና ገባሁ።

አያ ስንሻው መደብ ላይ ተኝቷል፤ ቆቢቱ ራሱ ላይ ናት። ደረቱ ጎድጉዷል። ማሰሮውን ፊቱ አስቀምጬ ክዳኑን ከፈትሁት። ሽታው ቤቱን ሞላው።

«አያ ስንሻው፣ ቅቤ አመጣሁልህ» አልሁት። «በጾም።»

ቅቤውን አየ። ኮቴን አየ። ፊቴን አየ። ከዓይኑ ጥግ አንድ ነገር ብልጭ ያለ መሰለኝ፤ ምሎ የሚያስረዳ ምስክር ግን የለኝም። አውራ ጣቱ ብርድ ልብሱ ላይ ተንቀሳቀሰች። ከዚያ ፊቱን ወደ ሚስቱ አዙሮ በአገውኛ አንድ ነገር ተናገረ።

በእናቱ ማዕድ ላይ ተፋልኝ አልሁ! «ምን አለ? እትዬ አንጓች፣ ምን አለ? አትፈሪኝ፣ ንገሪኝ!»

እትዬ አንጓች ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ዝናብ ሊመጣ ነው፤ እንግዳው ሳይዛቸው ቢነሡ ይሻላል ነው ያለው።»

ተነሣሁ። ዝናቡ እውነትም መንገድ ላይ ያዘኝ።

እንግዲህ ሹፌሩ ወሬውን ያመጣው ከዚህ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ነው። የአያ ስንሻው ስም ከእድራችን አልወጣም ነበርና ድንኳኑን አስጭኜ ጫኞቹን ይዤ ሄድሁ። አበጀም ካልሄድሁ ብሎ ጋቢና ተቀምጦ መጣ። በቀብሩ ላይ ደግነቱና አንደበቱ ተነገረ። ጫኞቹ አንዱ የአንዱን ዓይን እየሸሸ ይሰማ ነበር። አፈር ሲመለስ አበጀ ከተቀመጠበት ሆኖ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ጉድፍ!» አለ። ያን ታሪክ አያ ስንሻው ለእኔ ብቻ የነገረኝ ይመስለኝ ነበር። የአዘና ሰዎች ዞረው በቁጣ አዩት። ሞት ቀድሞ ወስዷል፤ መሰደቡ ምን ያደርጋል?

ልንመለስ ስንል እትዬ አንጓች የቅቤውን ማሰሮ አምጥታ ሰጠችኝ። ክዳኑ እንዳለ ነው። «ጾም ስለሆነ አልነካነውም» አለችኝ።

አበጀ አሁን መጋዘኔ በር ላይ ተቀምጦ የተቀደደ ጆንያ ይሰፋል፤ መሄድ አይችልም። ቄስ አድማሱ ሰው መገዘት ትተዋል። ከሳንቃው ሥር ሌላ አለቃ ቆሟል፤ በፉጨት ነው የሚያሠራ። ቅቤውን ለፋሲካ ሸጥሁት። ቆሰበር ውስጥ ትንሹም ትልቁም «አቶ ይበልጣል» ይለኛል። የሚሰድበኝ ሰው የለም።